በሚጣ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ

የሰፈሩ ሰው ጨዊት ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር፤ ከባሕሩ ዳር ከጨው ኩሬዎቹ ስለማትጠፋ ግን ያ ስም ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ ሄዶ፣ ራሷም ሲጠሯት ቶሎ አቤት የማትልበት ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ የባሕሩን ውሃ በቦይ ስባ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ወደሆኑት ኩሬዎች ታስገባለች። ፀሐይና ነፋስ ውሃውን መጥጠው ሲጨርሱት የቀረውን ጨው በረጅም የእንጨት መግፊያ እየገፋች ትከምራለች፤ ላይ ላዩን የሚሰፍፈውን ነጩን ለብቻ፣ ጭቃውን ታኮ የሚቀረውን ግራጫውን ለብቻ። ባል አግብታ ነበር፣ ሞተባት። ልጅ አልወለደችም። ለወንድሟ ልጅ ለሚጣ ከሆነ ግን ዓይኗን አታሽም።

ድሮ ግራጫውን ጨው የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ ለከብትና ለቆዳ ፋቂ ነበር የሚሸጠው። በኋላ ከመሃል ከተማ የሚመጡ ዘናጭ ሴቶች "ማዕድን ያለው ይሄኛው ነው" እያሉ ይሻሙበት ጀመር። ብረት አለው፣ ዚንክ አለው፣ ደም ይሞላል፣ አጥንት ያጠነክራል ተባለ። ጨዊትም የሰማችውን አላስቀረችም። "ነጩ ለአፍ፣ ግራጫው ለጤና!" እያለች መሸጥ ጀመረች፤ አባባሉ ለራሷም ስለጣማት ከልቧ አመነችው።

ስለዚህ ሚጣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን እያዞረች፣ ሆዴን ሆዴን እያለች ማልቀስ ስታበዛ፣ ጨዊት ከግራጫው ጨው ምርጥ ምርጡን በጠርሙስ ሞልታ ይዛላት ሄደች። የሚጣ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ በራፏ ላይ ባለችው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ትውላለች። አባትየው፣ የጨዊት ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው።

"በየጠዋቱ ከዚህ እየበጠበጥሽ አጠጫት" አለቻት ጨዊት። "ባሕር ውስጥ ያለ ማዕድን ሁሉ እዚህ አለ። ደሟ ይመለሳል፣ ታያለሽ።"

"አይከብዳትም እታለም?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ምን ይከብዳታል? ቁንጥጫ ነገር ናት። አባባስ ይሄንኑ በልተው አይደል እዚህ የደረሱት?"

አባባ የጨዊትና የወንድሟ አባት ናቸው። ጀልባ ላይ መውጣት ካቆሙ ወዲህ ከወንድ ልጃቸው ቤት ጓሮ ተቀምጠው የዓሣ አጥማጆቹን መረብ ይጠግናሉ፤ መረቡን ወደ ታች የሚያሰምጡትን ክብደቶችም ይሠራሉ። ሚጣ ከሥራቸው አትጠፋም። እሳቸውም እሷ ካልመጣች ሥራው አይያዝላቸውም።

የጨው ውሃው ሚጣን አላሻላትም። ይባስ ብላ የምታውቀውን ቃል መርሳት ጀመረች። አንድ ቀን ውሃ ጠምቷት "ውሃ" ማለት ጠፍቷት፣ በጣቷ ወደ ባልዲው እየጠቆመች በንዴት ስታለቅስ እናቷ አየች። የጀመረችውን ቀሚስ ከመኪናው መርፌ ሥር ሳታወጣ ልጇን አዝላ ወደ ሆስፒታል ሮጠች፤ ጨዊትም ተከተለቻት። ደም ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው፣ ወረቀቱን ደጋግመው ተመለከቱት።

"በልጅቷ ደም ውስጥ እርሳስ አለ" አሉ። "ብዙ እርሳስ።"

እናትየዋ ቦርሳዋን በርብራ ጫፏ የተቆረጠመች የመጻፊያ እርሳስ አወጣች። "ይቺ ናት ዶክተር? ልብስ ስለካ የማሰምርባት ናት። ስንቴ ከአፏ ቀማኋት መሰለዎት! እኔን አፈር ያድርገኝ!"

ሐኪሙ አልሳቁም። "አይደለም ልጄ። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ እሱ ሌላ ነው። የመጻፊያው ውስጥ ያለው ከከሰል ዘር ነው፣ እንዲህ አይጎዳም። እኔ የምልሽ ከባዱን፣ ለስላሳውን ብረት ነው። ልጅ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አንጎልን ነው የሚነካው።" ከዚያ ስለ ቤቱ ቀለም፣ ስለ ውሃው ቧንቧ፣ ስለሚበሉበት ዕቃ ጠየቁ። "ለየት ያለ የምትወስደው ነገርስ አለ? ዱቄት፣ ቅጠል፣ ምናምን?"

"ጨው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "የባሕር ጨው። በየጠዋቱ በጥብጬ አጠጣታለሁ።" ይህን ስትል ወደ ጨዊት አልዞረችም።

"የባሕር ጨው ውስጥ እንዲህ ያሉ ብረቶች ይገኛሉ" አሉ ሐኪሙ። "እሱ ነው አላልኩም። ተመርምሮ እስኪታወቅ ግን አቁሚ። ለትንሽ ልጅ ጨው ራሱ ሲበዛ ደግ አይደለም።" መድኃኒት አዘዙና፣ ሳይቆዩ መልሰው እንዲያመጧት አስጠንቅቀው ሸኟቸው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ጠርሙሱን ይዛ ጨዊት ቤት መጣች። ግቢ ብትባል እምቢ አለች። በራፉ ላይ እንደቆመች ጨዊት እግር ሥር ገለበጠችው።

"እንኪ ጨውሽን" አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። "ታላቄ ናት ብዬ የሰጠሽኝን በገዛ እጄ አጠጣኋት። አልጠጣም ብላ ጥርሷን ስትነክስ አፍንጫዋን ይዤ ነው የጋትኳት። ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ።"

ጨዊት ጎንበስ ብላ ጨውን ከአፈሩ መለየት ጀመረች፤ ለምን እንደምትለየው ራሷም አታውቅም።

ወሬ ክንፍ አለው። ከኩሬዎቹ ማዶ አሮጌ መርከብ የሚፈታበት ዳርቻ አለ፤ ድሮም እዚያው ነበረ፣ ሰው ሁሉ ግን ዛሬ ያየው ይመስል፣ እርሳሱ የመጣው ከዚያ ነው እያለ ጣቱን ቀሰረበት። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። አንዱ ቀልደኛ በመንገድ ሲያልፍ "ጨዊት፣ እርሳሱን ለብቻ አትሸጪም ወይ?" አላት። ሰውም ሳቀ። ይህ ሁሉ ግን ማታ ከራሷ ጋር ስትቀር የሚመጣባትን ያህል አልጎዳትም። ባሏ የሞተው ኩላሊቱ ደክሞ ነው። እሱም የበላው ይህንኑ ጨው ነው። እንዲያ ስታስብ እጇን ትሸሸው ነበር፣ የሰው እጅ ይመስል።

አባባ ይህን ሰምተው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ኩሬዎቹ መጡ። ከጎጆዋ ጥላ ሥር ተቀምጠው ክምሩን ሲያዩ ቆዩ።

"ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል ይባላል" አሉ። "ያንቺን ግን እየጣፈጠ ወረወሩት።"

ደስ ይበላቸው ብላ ፈገግ አለች። ውሃ አቀረበችላቸው። ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ የእጃቸው አንጓ ድንገት ተልፈስፍሶ ወደ ታች ታጠፈና ውሃው ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ።

"እርጅና ነው" አሉ አባባ እጃቸውን በሌላው እጃቸው እየደገፉ። "ሆዴንም ይቆርጠኛል። ተዪው የእኔን። ይልቅ ስሚኝ፤ ጨውሽን ወደሚመረምሩት ሰዎች ውሰጂው። ከሆነም ይታወቅ፣ ካልሆነም ይታወቅ። እኔ አንቺንም ምራቴንም ላጣ አልፈልግም። ቤታችን ይፈርሳል።"

እሺ አለች። ከየኩሬው ጨው ቆንጥራ በትናንሽ ከረጢት ቋጥራ፣ ከተማ ወዳለው የምግብ መመርመሪያ ቤት ሄደች። ኮሪደሩ አሲድ አሲድ ይሸታል። ተቀብላ ያስተናገደቻት መነጽር ያደረገች፣ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። የሚጣን ሕመም ከጨዊት ሰምታ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ነገረቻት፤ ጨዊትም በቀኑ ተመለሰች።

"አለ" አለቻት መርማሪዋ።

ጨዊት በአጠገቧ ያለውን ጠረጴዛ ያዘች።

"ቆይ እስቲ፣ ቁጭ በይ። አለ ማለት ጎዳ ማለት አይደለም። የምንበላው እህል ውስጥም፣ የምንጠጣው ውሃ ውስጥም ይሄ መሣሪያ ከፈለገ ያገኛል። ባሕር ደግሞ ምድር ያጠበችው ሁሉ የሚጠራቀምበት ነው። ጥያቄው 'አለ ወይ' ሳይሆን 'ምን ያህል' ነው። ያንቺ ጨው ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚፈቀደው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሌሎቹ መርዞች፣ ካድሚየሙም አርሴኒኩም፣ እንደዚያው። ይሄ ያቺን ልጅ እንደዚያ አያደርጋትም። ከዚህ ጨው እርሳስ የሚመርዘው ሰው ቢኖር፣ እርሳሱ ሳይደርስበት ጨውነቱ ቀድሞ ይገድለዋል።"

"ደም የሚሞላው ብረትስ? ዚንኩስ?"

"እሱም ያው ነው። ደጉም ክፉውም አለበት፤ በቁንጥጫ ውስጥ ግን ሁለቱም ኢምንት ናቸው። ከጨው ደም ልሙላ የሚል ሰው በአካፋ መብላት አለበት። እኔ ጨው ላይ የምፈራው ጨውን ነው፤ ደም ግፊቱን፣ ኩላሊቱን።"

ጨዊት ለዘናጮቹ ሴቶች ስትጮህላቸው የኖረችው ትዝ አላትና ጉንጯ ጋለ።

"ግን" አለች መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ፣ "ልጅቷ ጨውን ካቆመች በኋላ ደሟ ውስጥ ያለው ቀንሷል?"

"ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ እንኳን ሊቀንስ ጨምሯል።"

"እንግዲያው እርሳሱ አሁንም ቤት ውስጥ አለ። አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚፈታ ሰው አለ? ብረት የሚያቀልጥ?"

ጨዊት አባቷ ከቀለጠ እርሳስ የሚሠሯቸው የመረብ ክብደቶች ትዝ አሏት። ወረቀቱን ተቀብላ ተነሣች።

ወደ ቤት ስትመለስ እፎይ ማለት ነበረባት። ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ስሟ ነጽቷል። ግን እግሯ አልሄድ አላት። ጥፋቱ የእሷ ቢሆን ምን ነበረበት? እሷ ትችለው ነበር። ሰው ሰድቧታል፣ ሥራዋ ተቀዛቅዟል፣ እንዲህ ሆኖም መኖር ይቻላል። አባቷን ግን ታውቃቸዋለች። ሚጣ ስትወለድ በሩ ላይ ቆመው እንደ ሕፃን ያለቀሱ ሰው ናቸው።

አትርገጪ የተባለችውን ደጅ ረግጣ፣ ቀና ብላ ባየቻት በልብስ ሰፊዋ አጠገብ አልፋ ወደ ጓሮ ገባች። አባባ ማቅለጫቸው ባደረጓት ትንሽ ጭስ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሰሉ ላይ አሮጌ ድስት ተጥዷል፤ ከተሰበሩ ባትሪዎች የወጣው እርሳስ ብር መስሎ ቀልጧል። አባባ ላይ ላዩን ያለውን ግራጫ አረፋ በማንኪያ እየገፈፉ ከግድግዳው ሥር ይደፋሉ፤ የጠራውን ወደ ቅርጽ ማውጫው ያፈሳሉ። ሚጣ ከጎናቸው አፈሩ ላይ ተቀምጣ የቀዘቀዘውን ክብደት በቆርቆሮ ትሰበስባለች። አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ዓሣ አለች፣ አያቷ ከዚያው እርሳስ የሠሩላት። ዓሣዋ አፏ ውስጥ ነበረች። ጨዊት ያችን ዓሣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አይታ "ታምራለች" ብላ ነበር።

"አባባ፣ እሳቱን ያጥፉት።"

"መጣሽ? ምን አሉሽ?"

"ጨው አይደለም አሉ። ይሄ ነው አባባ። ጭሱ ነው፣ ዱቄቱ ነው። እርሳሱ።"

ድስቱን አዩት፣ እሷን አዩዋት። "ምን ትያለሽ አንቺ? እኔ ዕድሜ ልኬን በዚህ እጄ አይደለም እንዴ የሠራሁት? አባቴስ? ይሄ ቢገድል ኖሮ እኔ እዚህ ቁጭ እል ነበር?"

"ብርጭቆ መያዝ ያቃተው እኮ ያው እጅዎ ነው።"

አባባ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ከሚጣ አፍ ላይ አረፈ። "ነይ እስቲ ሚጣዬ" አሉ በለሆሳስ። ክሩን ከአንገቷ ሊፈቱ ሞከሩ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። ጨዊት ፈታችላቸው። ሚጣ "የኔ ነው! የኔ ነው!" እያለች አለቀሰች።

"ከእኔ እጅ ነው ማለት ነው" አሉ አባባ። የጠየቁ አይመስልም። ጨዊት ዓሣዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ሁሉንም ሰምታለች። ልጇን አንስታ ወደ ቧንቧው ወሰደቻትና እጇን ታጥባት ጀመር። በሳሙና ታጥባለች፣ ታለቀልቃለች፣ ደግማ ታጥባለች። አባባም ድስቱን ከእሳቱ አውርደው ተነሡ፤ ዱላቸውን ይዘው በጓሮ በር ወጡ።

ሚጣ ሆስፒታል ተኛች። የአባባም ደም ተመረመረ፤ ከልጅቷ የባሰ ነበር። "በእግርዎ መምጣትዎ ይገርመኛል" አሏቸው ሐኪሙ።

"የእኔን ይተዉት። የልጅቷን ይንገሩኝ።"

"ከደሟ ይወጣል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይወጣል። ራሷ ውስጥ የነካውን ግን ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። እያየን እንሄዳለን።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ልጃቸው ቤት አልተመለሱም፤ ከጨዊት ጋር ከኩሬዎቹ ዳር ካለችው ጎጆ መኖር ጀመሩ። ወንድሟ ከመንገድ ተመልሶ ቢለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ።

ጨዊትና ልብስ ሰፊዋ ሚጣ ከመውጣቷ በፊት ጓሮውን አጸዱ። አቧራው እንዳይነሣ አፈሩን በውሃ እያራሱ፣ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ላዩን ፋቁት፤ ግድግዳውን አጠቡ፣ ያ ሁሉ የተደፋ ግራጫ አረፋ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ ሐኪሙ ባሳዩዋቸው ቦታ ተወገደ። ሁለቱም ጎንበስ እንዳሉ ልብስ ሰፊዋ፣

"ያን ቀን ያልኩሽ ነገር..." ብላ ጀመረች።

"ልጅ ቢኖረኝ እኔም እል ነበር" አለች ጨዊት። መፋቂያውን ተቀባበሉ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገሩም።

የጨው ገዢው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዘናጮቹ ሴቶች መጥተው "ለጤና የሚሆነውን ስጪን" ሲሏት ጨዊት "ጨው ነው እመቤቶቼ፤ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ብሉት። ለጤና ሐኪም አለ" ትላለች። ግማሾቹ ተቀይመው ሄዱ።

አባባን የጎዳቸው ሕመማቸው አልነበረም። ሚጣ ከሆስፒታል ወጥታ እናቷ ወደ ኩሬዎቹ ስታመጣት፣ ልጅቷ "አባባ!" ብላ እየሮጠች ሄደችባቸው። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ከጀርባቸው ደብቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "ተዪኝ የኔ እናት፣ እጄ ቆሻሻ ነው" አሏት። ሐኪሙ ታጥበው ቢነኳት ምንም አትሆንም ብለዋቸው ነበር። ይታጠባሉ፣ ቆዳቸው እስኪላጥ ይታጠባሉ፤ ግን አይነኳትም። ሚጣ ጉልበታቸውን አቅፋ ስትቆም እጃቸው ከጀርባቸው አይመለስም።

ይህ ብዙ ሰነበተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ይህን አይታ ልቧ አልችል አለ። ወደ አባባ ቀረበች፣ ከጀርባቸው ዞራ የላላውን ቀኝ እጃቸውን ያዘች።

"ልጄ፣ ተዪ" አሉ።

"አልተውም አባባ። እኔም አፍንጫዋን ይዤ ነው ያጠጣኋት። ያ አልገደላት እንጂ ሊገድላት ቢችል ኖሮ በእኔም እጅ ነበር። ልጄን አልነካም ልበል?"

እጃቸውን አምጥታ በሚጣ ራስ ላይ አኖረችው። እጃቸው በራሱ መቆም ስላልቻለ እሷው ደግፋ ያዘችው። አባባ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። ጨዊት መግፊያዋን ይዛ ፊቷን ወደ ኩሬው አዞረች።

ከዚያ ወዲያ አባባ ሌላ ሥራ ያዙ። ዱላቸውን ተደግፈው ክብደት ይሠሩለት ከነበረው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ቤት እየሄዱ በር አንኳኩ። "የልጄን ልጅ የመረዝኩ እኔ ነኝ" ብለው ነበር የሚጀምሩት። "እናንተም ቤት የሚቀልጥ ካለ አውጡት። ልጅ ካለ አስመርምሩ።" አንዳንዱ አዳመጣቸው። አንዱ ግን፣ እሳቸው ራሳቸው ማቅለጥ ያስተማሩት ጎልማሳ፣ ከት ብሎ ሳቀባቸው። "አባባ ጃጁ" አለ። እሳቸው አልተቆጡም፤ በሌላ ቀን ተመልሰው ሄዱ፣ ደግሞ ሄዱ።

በሚቀጥለው የዝናብ ወራት ኩላሊታቸው ከዳቸው፤ ብዙም ሳይሰቃዩ ዐረፉ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ያ የሳቀባቸው ጎልማሳ ነበር። ከቀብር መልስ ወደ ጨዊት መጥቶ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ የእሱም ታናሽየዋ ልጅ ተመርምራ መድኃኒት እየወሰደች መሆኗን ነገራት። ጨዊትም ክንዱን ነካ አድርጋ አሰናበተችው።

ሚጣ በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ገባች። ሌሎቹ ልጆች ፊደሉን ጨርሰው ቃል ሲያነቡ እሷ ገና መጀመሪያው ላይ ነበረች። ማምሻውን የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ታስባለች። አንዳንዴ ይመጣላታል፣ አንዳንዴ አይመጣም። እናቷ መኪናውን አቁማ፣ ሳትነግራት፣ ሳታቻኩላት ትጠብቃታለች።